ያልተነበበ ውል፦ ኢትዮጵያ፣ ኮሜሳ እና የዜጋው ዝምታ

ኢትዮጵያና ግብፅ የአንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ይህ ዐረፍተ ነገር ብዙ የተማረ ኢትዮጵያዊን ያስገርማል። በ1929 እና በ1959 ስለ ዓባይ የተፈረሙትን ውሎች በቃሉ የሚዘረዝር፣ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛ፣ ስለ ውሃው ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር የሚችል ሰው፣ ሁለቱ ሀገሮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ በኮሜሳ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው እንደሚቀመጡ አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የስሪት ሀገር መስፈርቱን ያሟላ የግብፅ የፋብሪካ ዕቃ በኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጣና በኩል ያለ ቀረጥ ናይሮቢ የመግባት መብት ሲኖረው፣ የድንበር ጎረቤቷ ኢትዮጵያ ግን ለምን በዚያ ቀጣና ውስጥ እንደሌለች የጠየቀ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ቀጣናዊ የኢኮኖሚ ማኅበረሰቦች በሕዝብ ስም የሚፈረሙ፣ በሕዝብ ግብር የሚተዳደሩ፣ የሕዝብን ኪስና የሥራ ዕድል የሚነኩ ተቋማት ሆነው ሳለ፣ ዜጋው ለዲፕሎማቶችና ለጉምሩክ ባለሙያዎች ትቷቸዋል። ይህ ትቶ መሄድ ጉዳት የሌለው ስንፍና አይደለም። ማንም የማይጠይቀው ውሳኔ ለቅርብ ባለጉዳዮች ብቻ ይመቻል። በውጭ የምንኖር፣ በፖሊሲ ጉዳይ ሐሳብ አለን የምንል ባለሙያዎች ደግሞ በዚህ ዝምታ ውስጥ ድርሻችን ትንሽ አይደለም።

በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

በ1991 በአቡጃ የተፈረመው ውል የአፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብን በስድስት ደረጃዎች፣ በ34 ዓመታት ውስጥ ለመገንባት አቀደ። የግንባታው ጡቦች ቀጣናዊ ማኅበረሰቦች እንዲሆኑ ተወሰነ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዕውቅና የሰጣቸው 8 ማኅበረሰቦች አሉ። ኢትዮጵያ በሁለቱ ውስጥ አለች፦ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅቡቲ በሆነው ኢጋድ፣ እንዲሁም ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሉሳካ በሆነው ኮሜሳ። ኢጋድ በ1986 ድርቅን ለመከላከል ተቋቁሞ በ1996 ሥልጣኑ የሰፋ ድርጅት ነው፤ ዋና ሥራው ሰላም፣ ድርቅና ስደት ሆኖ ቆይቷል። የንግድ ቀረጥን የሚነካው ኮሜሳ ነው። መሠረቱ በ1981 የተፈረመው የተመራጭ ንግድ ቀጣና ውል ሲሆን፣ በ1993 በካምፓላ በተፈረመው ውል አሁን ያለውን ስምና ቅርጽ ያዘ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ በማርች 2018 በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና አለ።

ተራው ሰው እነዚህን ስሞች የሚሰማቸው በዜና ላይ፣ መሪዎች ተሰልፈው ፎቶግራፍ በሚነሡበት ሰዓት ነው። ሥራቸው ግን ሳያውቀው በኑሮው ውስጥ ገብቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና ሾፌር የኮሜሳን ቢጫ ካርድ ይዞ ይጓዛል፤ አደጋ ቢደርስ የሦስተኛ ወገን መድኑ በሚገባበት አባል ሀገር ይሠራለት ዘንድ። የኮሜሳ የቆዳ ተቋም የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2022 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይሸጣል። ስለዚህ ቀጣናዊ ትስስር የወደፊት ሕልም ነው የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። ትስስሩ በከፊል አለ፤ የጎደለው በእሱ ላይ የሚደረግ የሕዝብ ክርክር ነው።

ውሳኔ ያልተባለ ውሳኔ

የኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጣና በኦክቶበር 31 ቀን 2000 በ9 ሀገሮች ተጀመረ። ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ግብፅ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2004 ተከተሉ። ኢትዮጵያ ግን ከመጀመሪያው የተመራጭ ንግድ ቀጣና ዘመን አንሥቶ አባል ሆና ሳለ፣ ከዚያ ወዲህ ባለው ሩብ ምዕተ ዓመት ከነጻ ቀጣናው ውጭ ቆይታለች። ለኮሜሳ አባላት የሰጠችው የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ነው። ይህ ቁጥር በችኮላ ሲነበብ ያታልላል። 30 በመቶ ቀረጥ የነበረበት ዕቃ 27 በመቶ ይከፍላል ማለት እንጂ 20 በመቶ ይከፍላል ማለት አይደለም። ለነጋዴው ከወረቀቱ ድካም የማይበልጥ ጥቅም ነው።

ከቀጣናው ውጭ መቆየት የራሱ ምክንያት የለውም አልልም። ጠንካራ ምክንያቶች አሉት፤ እኔም እንደ አንዲት የኢኮኖሚክስ ባለሙያ አከብራቸዋለሁ። አንደኛው የገቢ ጉዳይ ነው፤ የጉምሩክ ቀረጥ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ትልቅ ድጋፍ ነው። ሁለተኛው የጀማሪ ኢንዱስትሪ ጉዳይ ነው፤ የግብፅና የኬንያ ፋብሪካዎች በልምድም በመጠንም ይበልጡናል። ሦስተኛውን ጄኮብ ቫይነር በ1950 አስተምሮናል፦ ቀጣናዊ ስምምነት አዲስ ንግድ ሊፈጥር ይችላል፤ ነገር ግን ርካሹን ሻጭ ትቶ ወደ ውዱ ጎረቤት ንግድን ሊያዛውርም ይችላል። ከሩቅ ሀገር በቀረጥ ይገባ የነበረው ርካሽ ዕቃ ከጎረቤት በሚመጣ ውድ ዕቃ ቢተካ፣ መንግሥት ቀረጡን ያጣል፤ ሸማቹም የሚያተርፈው እምብዛም ነው። አራተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለረጅም ዘመን የአስመጪው እውነተኛ አጥር ቀረጡ ሳይሆን የባንኩ ወረፋ ነበር።

እነዚህ ምክንያቶች ግን እርስ በርስ ተመዝነው፣ በቁጥር ተደግፈው፣ በአደባባይ ቀርበው አያውቁም። ዜጋው «አንገባም፤ ምክንያታችን ይህ ነው» የሚል ሰነድ አልደረሰውም፤ «እንገባለን፤ ዝግጅታችን ይህ ነው» የሚልም አልደረሰውም። የደረሰው በየጊዜው «በጥናት ላይ ነን» የሚል መልስ ነው። ሕፃን ኢንዱስትሪን ለመጠበቅ ነው ከተባለ፣ በ2000 የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ሕፃኑ ማን ነው? መቼ ነው የሚያድገው? ከጥበቃው እስካሁን ያተረፈው ማን ነው? ሠራተኛው ነው ወይስ የፋብሪካው ባለቤት? የማይጠየቅ ጥበቃ ከጥበቃነት ወደ ርስትነት ይለወጣል።

ምክንያቶቹም ከጊዜ ጋር ይለወጣሉ። በጁላይ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ የባንክ ወረፋው ሰበብ ደክሟል። ስለዚህም ቀረጡ ራሱ ከበፊቱ ይልቅ ዋና ጥያቄ ሆኗል። አህጉራዊውን ስምምነት በ2019 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ በ2025 በዚያ ሥርዓት የመጀመሪያ ዕቃዎቿን መላክ ጀምራለች። ይህም የሚያስገርም ቅደም ተከተል ነው፦ በአጥራችን ሥር ያለውን የሉሳካውን በር ዘግተን የአክራውን ከፍተናል። ይህን የሚደግፍ ጥሩ ክርክር አለ። አህጉራዊው ስምምነት ለድሃ ሀገሮች የ10 ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ከቀረጥ መስመሮች 90 በመቶውን በዚያ ጊዜ ውስጥ ነጻ ማድረግን ሲጠይቅ፣ 7 በመቶው «ስሱ» ተብሎ በ13 ዓመት እንዲወርድ፣ 3 በመቶው ደግሞ ጨርሶ እንዳይነካ ይፈቅዳል። የኮሜሳው ነጻ ቀጣና እንዲህ ያለ ማስተንፈሻ የለውም። መንግሥት የመረጠው በዚህ ምክንያት ከሆነ ምርጫው ሊከበር ይችላል። ግን ያልተነገረን ምክንያት እንዴት እናክብር?

«ቴክኒካዊ ነው» የሚለው ማምለጫ

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ጉዳዩ ቴክኒካዊ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ዜጋውን ከበር ለመመለስ የሚያገለግል የዘመናችን የዘበኛ ዱላ ነው። ሁለት ምሳሌ እንመልከት።

የመጀመሪያው የስሪት ሀገር ሕግ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ጫማ ፋብሪካ የሀገር ውስጥ ቆዳ፣ ከውጭ የገባ ሶልና ማጣበቂያ ይጠቀማል እንበል። ጫማው የኢትዮጵያ ነው ወይስ የሌላ? በኮሜሳ ሕግ መሠረት ከቀጣናው ውጭ የመጣው ጥሬ ዕቃ ዋጋ ከጠቅላላው የጥሬ ዕቃ ወጪ 60 በመቶ ካልበለጠ፣ ወይም በምርት ሂደቱ የተጨመረው እሴት ቢያንስ 35 በመቶ ከሆነ ጫማው የአባል ሀገር ምርት ሊባል ይችላል። ይህን ለመረዳት የዶክትሬት ዲግሪ አያስፈልግም። መርካቶ ውስጥ ትርፍና ኪሳራን በቃሏ የምታሰላ ነጋዴ በአምስት ደቂቃ ትረዳዋለች። የሚያስፈልገው በቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ነው። ከኮሜሳ የሥራ ቋንቋዎች መካከል አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሶማልኛም የለም። ታዲያ ቴክኒካዊ ያደረገው ሐሳቡ ነው ወይስ ቋንቋው?

ሁለተኛው ያ 3 በመቶ ነው። ጨርሶ እንዳይነካ የሚጠበቀው የዕቃ ዝርዝር ቀመር የሚወልደው ነገር አይደለም፤ ንጹሕ የፖለቲካ ምርጫ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የገባ ዕቃ አምራች ከውድድር ይድናል፤ የዚያ ዕቃ ሸማች ደግሞ ሂሳቡን ይከፍላል። ስኳር ይግባ ወይስ ሳሙና? የምግብ ዘይት ወይስ ሲሚንቶ? የትኛው ማኅበር ደጅ ጠንቶ ምርቱን አስገባ? ደጅ የሚጠናለት ያጣው ማን ነው? ዝርዝሩን ማዘጋጀት ቴክኒክ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚከፍል መወሰን ግን የፓርላማና የሕዝብ ሥራ ነው።

ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መንግሥት የሚገባባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የሀገሪቱን የልማት መብት የሚያስከብሩ እንዲሆኑ ያዝዛል። በ2021 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ ራሱ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ትስስርን በስሙ የተሸከመ መሥሪያ ቤት ትስስሩን ለዜጋው የማስረዳት ዕዳም አለበት።

የቀለም ነጋዴውና የቢራ አስመጪው

ዜጋው ምን ማድረግ ይችላል? ከሚታሰበው በላይ። የኮሜሳ ውል አንቀጽ 26 በአባል ሀገር ነዋሪ የሆነ ማንኛውም ሰው የምክር ቤቱን ወይም የአባል ሀገርን ድርጊት ውሉን ይጥሳል ብሎ ለኮሜሳ ፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል፤ ክሱ በአባል ሀገር ላይ ከሆነ ግን አስቀድሞ የሀገሩን ፍርድ ቤቶች መጨረስ አለበት። ፖሊቶል የተባለ የሞሪሺየስ የቀለም ኩባንያ ይህን በር አንኳኳ። ከግብፅ በሚያስመጣው ምርት ላይ የገዛ መንግሥቱ ቀረጥ መልሶ ስለጣለበት በ2012 ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በ2013 ሞሪሺየስ የውሉን አንቀጽ 46 ጥሳለች ሲል ፈረደ። አንድ ነጋዴ በቀጣናዊ ውል አማካይነት የራሱን መንግሥት ረታ።

እዚህ እኛ በምንኖርበት ከተማ ደግሞ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አርቲዛን ኤልስ የተባለ የካልጋሪ ትንሽ ቢራ አስመጪ ድርጅት፣ የአልበርታ መንግሥት ለክፍለ ሀገሩ ትናንሽ ጠማቂዎች የሚሰጠው ድጎማ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች የሚመጣውን ቢራ ያገላል ብሎ በካናዳ የውስጥ ንግድ ስምምነት ሥር አቤት አለ። በ2017 የዳኝነት ጉባኤው ለአስመጪው ፈረደ፤ በ2018 በይግባኝም የፍርዱ ዋና ፍሬ ነገር ጸና። ካልጋሪ ያለን ኢትዮጵያውያን በአልበርታ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በሳስካቼዋንና በማኒቶባ መካከል ባለው የአዲሱ ምዕራብ የንግድ አጋርነት ውስጥ እንኖራለን። ቫንኩቨር የተመዘገበ መሐንዲስ ወይም ነርስ ካልጋሪ መጥቶ ሲሠራ የሚጠቀመው የእንዲህ ዓይነት ስምምነቶችን ፍሬ ነው። የቀጣናዊ ስምምነትን ጥቅም በደመወዛችን የምናውቅ ሰዎች፣ ስለ ሀገራችን ስምምነቶች ግን አፋችንን ዘግተናል።

በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም ዜጎች መንገዱን አሳይተዋል። በ2006 የኬንያ ፖለቲከኛው አንያንግ ኞንጎና ባልደረቦቻቸው ኬንያ ለቀጣናው ምክር ቤት አባላትን የመረጠችበት አሠራር ውሉን ይጥሳል ብለው በአሩሻው ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2007ም ተፈረደላቸው። መንግሥታቱ ተቆጥተው የፍርድ ቤቱን ደንብ በጥድፊያ አሻሻሉ። የምሥራቅ አፍሪካ የሕግ ማኅበር ይህንንም ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ማሻሻያውን ባይሽረውም፣ ሕዝብን ሳያሳትፉ ውል ማሻሻል ከውሉ ጋር እንደሚጋጭ በግልጽ ተናገረ። በእኛ ቀጣና እንዲህ ያለ ክርክር የማይሰማው በር ስለሌለ አይደለም። የሚያንኳኳ ስለጠፋ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። የአህጉራዊው ነጻ የንግድ ቀጣና የክርክር ሥርዓት ለመንግሥታት ብቻ የተከፈተ ነው፤ ነጋዴውም ዜጋውም በራሱ ስም መክሰስ አይችልም። ስለዚህ ከሉሳካው ይልቅ የአክራውን መንገድ ስንመርጥ የመረጥነው የቀረጥ ሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ ዜጋው ራሱ አቤት የሚልበት ዳኛ የሌለውን ሥርዓት ጭምር ነው። ይህን የሚያህል ነገር በአንድም የአደባባይ ክርክር ላይ ሲነሣ አልሰማሁም።

«ጥርስ የሌላቸው ድርጅቶች»

ተጠራጣሪው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ይስቃል። «እነዚህ ድርጅቶች ጥርስ የላቸውም፤ በጀታቸውም በአውሮፓ ኅብረትና በሌሎች ለጋሾች ትከሻ ላይ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሽው» ይለኛል። ማስረጃም አያጣም። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በ2008 በዚምባብዌ የመሬት ጉዳይ ለካምፕቤል ሲፈርድ፣ መሪዎቹ በ2010 ፍርድ ቤቱን ራሱን አገዱት። ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ደግሞ በጃንዋሪ 2025 ከምዕራብ አፍሪካው ማኅበረሰብ ወጥተዋል።

ማስረጃው ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ተገልብጧል። ሁለቱን ፍርድ ቤቶች እናነጻጽር። የአሩሻው መንግሥታትን አስቆጥቶም በሕይወት አለ፤ ከኋላው የተደራጁ የሕግ ባለሙያዎችና በተደጋጋሚ የሚጠቀሙበት ዜጎች አሉ። የደቡቡ ሲታገድ ከጥቂት ጠበቆችና ማኅበራት በቀር ሊጮኽለት የወጣ ሕዝብ አልነበረም። ጥርስ የሚበቅለው በማኘክ ነው። የበጀቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ ለጋሹ ለሰጠው ገንዘብ ዝርዝር ሪፖርት ይቀበላል፤ መዋጮውን በግብሩ የሚከፍለው ዜጋ ግን አንድ ገጽ አይደርሰውም፤ ስላልጠየቀም አይደርሰውም።

ደግሞም የድርጅቶቹን ድክመት የሚከፍለው ማን ነው? ትልቁ አስመጪ አይደለም፤ እርሱ ጠበቃና የጉምሩክ አስተላላፊ አለው። የምትከፍለው በሞያሌ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በመተማ በኩል ጥቂት ከረጢት ይዛ የምትሻገረው ሴት ናት። ኮሜሳ ለእንዲህ ዓይነት ነጋዴዎች ቀላል የንግድ ሥርዓት አዘጋጅቷል፤ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ ዕቃ በአንድ ቀላል ቅጽ ተመዝግቦ ያልፋል። ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ ከ2010 ጀምሮ ሠርተውበታል። እዚያ «ነጋዴ» የምትባለዋ ሴት፣ በእኛ ድንበር ብዙ ጊዜ የምትጠራው በኮንትሮባንድ ስም ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት አንድ ቅጽና አንድ የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

የእኛ ድርሻ

በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ዕድል ስትወጣ፣ በሰሜን አሜሪካ ያለው ዳያስፖራ በሁሉም ወገን ተሟገተ፤ ደብዳቤ ጻፈ፣ ለተወካዮቹ ደወለ፣ ሰልፍ ወጣ። በዋሽንግተን ስለሚወሰን ቀረጥ ይህን ያህል አቅም ካለን፣ በሉሳካ ስለሚወሰነው አንድ ደብዳቤ እንኳ የማንጽፈው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ የሚያሳፍር ነው፦ ዋሽንግተንን እንደ ኃያል፣ ሉሳካን እንደ ስብሰባ ቦታ እንቆጥራለን። ፓን አፍሪካዊነታችን የአድዋንና የ1963ቱን የአዲስ አበባ ጉባኤ ታሪክ ይወዳል፤ የጎረቤቱን የቀረጥ ሰሌዳ ግን አያነብም።

በካናዳ የተለማመድነውን እናስብ። ከ2008 ጀምሮ ባለው ፖሊሲ መሠረት መንግሥት የፈረመውን ውል ከማጽደቁ በፊት በፓርላማ አቅርቦ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብባቸውን 21 ቀናት ይጠብቃል፤ የሰሜን አሜሪካው ስምምነት እንዲገመገም ሲታሰብም መንግሥት የዜጎችን አስተያየት በጽሑፍ ጠይቋል። ይህ ፍጹም ሥርዓት አይደለም። ነገር ግን «አስተያየት ስጡ» ተብሎ መጠየቅን እንደ መብት ለምደናል። በሀገራችን ሲሆን ይህንኑ መብት እንደ ቅንጦት መቁጠር ግብዝነት ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ዝም ባለ አፍ ግን እንጀራም አይገባም።

ድንበራችንንም እንወቅ። የአንቀጽ 26 መብት የተሰጠው ለአባል ሀገር ነዋሪ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ኬንያዊ ይህ መብት አለው፤ ካልጋሪ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የለንም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከፊት ወጥቶ መክሰስ ሳይሆን፣ መክሰስና መጠየቅ ለሚችሉት ስንቅ ማዘጋጀት ነው። ሥራው በአራት ጥያቄዎች ሊጀመር ይችላል፤ ለማንኛውም ቀጣናዊ ስምምነት የሚቀርቡ ናቸው፦

አንደኛ፣ የየትኛው ዕቃ ቀረጥ፣ በስንት፣ መቼ ይወርዳል? የማይወርደውስ የትኛው ነው፤ ለምን?

ሁለተኛ፣ «የእኛ ምርት» ለመባል ምን ያስፈልጋል? የትኛው ኢንዱስትሪያችን ዛሬ ያሟላል፤ የትኛው አያሟላም?

ሦስተኛ፣ ስምምነቱ ሲጣስ ማን፣ የት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ አቤት ይላል?

አራተኛ፣ ኢትዮጵያ ስንት ታዋጣለች፤ ወኪሎቿስ በስብሰባው ላይ ምን አቋም ያዙ?

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በየሙያችን መመለስ እንችላለን። የመረጃ ትንታኔ የሚያውቅ የቀረጥ ሰሌዳውን በቀላል ሠንጠረዥ ያዘጋጅ። የሕግ ባለሙያው የአቤቱታውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይጻፍ። ቋንቋ የሚችል ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ይመልስ። ኮሜሳ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብና የደቡባዊ አፍሪካው ማኅበረሰብ በጋራ ያቋቋሙት የንግድ መሰናክሎች ማመልከቻ ሥርዓት አለ፤ ድንበር ላይ ያለ አግባብ የተያዘ ነጋዴ በኢንተርኔት አቤቱታውን ያስመዘግብበታል። አህጉራዊው ቀጣናም ተመሳሳዩን ከፍቷል። ለአንድ የንግድ ምክር ቤት ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ መላክ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

አራተኛው ጥያቄ በመንግሥት እጅ ነው። ለዚህ ደግሞ የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያሉ የምርምር ተቋማትና ማኅበራት ጥያቄውን ያቅርቡ፤ እኛ በጽሑፉና በወጪው እንርዳ። መልስ ከመጣ እናትመው። ካልመጣም ዝምታውን ከነቀኑ እናትመው።

የራሴን አቋም ሳልሸሽግ ልጨርስ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሜሳ ነጻ ቀጣና በግልጽ የጊዜ ሰሌዳ፣ ለተጎጂ ሠራተኞች ማቋቋሚያ ተበጅቶ፣ የመግቢያ ጊዜ ተደራድራ ብትገባ ይሻላል እላለሁ። የጎረቤት ገበያ ጀማሪ ላኪ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ኤሌክትሪካችን ዋጋውና ቆጣሪው ታውቆ ድንበር ከተሻገረ፣ ጫማችንና ዱቄታችን የማይሻገርበት የተፈጥሮ ሕግ የለም። ተሳስተሻል የሚል ካለ ቁጥሩን ያምጣ፤ በደስታ እከራከረዋለሁ። ነገር ግን ለተቃዋሚዬም ለደጋፊዬም የምጠይቀው አንድ ነው፦ ሚኒስቴሩ የመግባትንና ያለመግባትን ጥቅምና ጉዳት፣ የሚታጣውን ገቢ፣ የሚጠበቀውን የዕቃ ዝርዝርና መስፈርቱን የያዘ ሰነድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቅርብ፤ ለ60 ቀናትም ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ያድርገው። ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ለመጻፍ የአንድ ወገን ደጋፊ መሆን አያስፈልግም። ፈራሚ መሆን ብቻ ይበቃል።